ባለ ክር ቢራቢሮዎች፦ ስለ ምደባቸውና ስለ ዝግመተ ለውጣቸው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ገለል ማለት ሲጀምር፣ ከእንጦጦ ግርጌ ባለው ሰፈራችን ልጆች በወላጆቻቸው ስልክ ያነሱትን የቢራቢሮ ፎቶግራፍ ይዘው ደጄ ይመጣሉ። የሥነ ሕይወት መምህር መሆኔን ስለሚያውቁ ነው። ከሚያመጡት ውስጥ በብዛት የምትታየው አንዲት ትንሽ ቢራቢሮ ናት። ክንፏን ከድና ትቀመጣለች፤ ከኋላ ክንፏ ጫፍ እንደ ክር የቀጠነ ጭራ ይወጣል፤ ከጭራው ሥር ጥቁር ነጥብ አለ። ስለ እርሷና ስለ ዘመዶቿ የሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች ከዓመት ዓመት ስለሚመሳሰሉ መልሶቹን ሰብሰብ አድርጌ ጽፌአቸዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ባለ ክር ቢራቢሮ» የሚል ስም በአማርኛ አለ?

የለም፤ እኔ ለዚህ ጽሑፍ ያወጣሁት ነው። ቋንቋችን ከብቱን በጠጉሩ ቡሬ፣ ዳልቻ፣ ቦራ እያለ አንድ በአንድ ይለያል፤ ቢራቢሮን ግን ትልቋንም ትንሿንም ቢራቢሮ ብሎ ያልፋታል። ስለዚህ አንድ ስም መምረጥ ነበረብኝ። የእነዚህ ቢራቢሮዎች ክንፍ ከሥር በኩል ሲታይ በግራጫ ወይም በቡናማ መደብ ላይ ከጠጉር የማይወፍር መስመር ተሰምሮበታል። ብዙዎቹ ደግሞ ከኋላ ክንፋቸው አንድ ወይም ሁለት ቀጫጭን ጭራ ያወጣሉ። መስመሩም ጭራውም ክር ይመስላል።

በሳይንስ ምደባ ሊኬኒዴ ከሚባለው ቤተሰብ ይገባሉ። ይህ ቤተሰብ ከ5,000 በላይ ዝርያዎች አሉት፤ ከቢራቢሮ ቤተሰቦች በብዛት ሁለተኛው ነው። በሥሩ ቴክሊኔ የሚባል ንዑስ ቤተሰብ አለ፤ ባለ ክር የምላቸውም በተለምዶ በዚህ ሥር የተመደቡትን ነው። «በተለምዶ» ያልኩት በምክንያት ነው፤ ምክንያቱም የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ነው።

ጓሮዬ አተር ላይ የምታርፈው ባለ ጭራ ሰማያዊ ቢራቢሮ ባለ ክር ናት?

አይደለችም። ይህን ስናገር ፊቱ ቅር የማይለው ልጅ አላየሁም፤ ጭራዋን አይቶ ነዋ የመጣው።

ያቺ ቢራቢሮ ላምፒዴስ ቦኤቲከስ ትባላለች። ስሟን የሰጣት የዘመናዊውን ምደባ መሠረት የጣለው ስዊድናዊ ሊኒየስ ነው፣ በ1767። ከአፍሪካ እስከ አውሮፓ፣ ከእስያ እስከ አውስትራሊያ ትገኛለች። አባጨጓሬዋ የአተርና የባቄላ አበባ ይበላል፣ እሸቱንም በስቶ ገብቶ ፍሬውን ይጨርሳል፤ ስለዚህ ከሱሉልታና ከሰንዳፋ ማሳ ጀምሮ በከተማው ጓሮ አተር ባለበት ሁሉ ብትታይ አያስገርምም። ወንዱ ክንፉን ሲዘረጋ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ሰማያዊ ነው። ሴቷ ቡናማ ሆና መካከሏ ላይ ሰማያዊ ጣል ያለባት ናት። ክንፏን ስትከድን ቡናማና ነጭ ሞገድ መሳይ መስመሮች ይታያሉ፤ ጫፉ ላይ ሁለት ጥቁር ነጥብ፣ በነጥቦቹም ዙሪያ ብርቱካናማ ቀለም።

እንግዲህ ጭራ አላት፣ ነጥብ አላት፣ መስመር አላት፤ ለምን ባለ ክር አትሆንም? እኛ ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት ድረስ እንቆጥራለን እንጂ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ጥበብ ስለለበሱ ዘመድ ናቸው አንልም። ቢራቢሮም እንዲሁ ነው። ላምፒዴስ በክንፏ የደም ሥር አዘረጋግና በወንዱ የመራቢያ አካል ቅርጽ ሲታይ ዘመዶቿ ፖሊዮማቲኔ የሚባሉት፣ ብዙ ሰው «ሰማያዊዎች» የሚላቸው ናቸው። ከእነርሱ ብዙዎቹ ጭራ የላቸውም። ጭራው ልብስ ነው፤ ዘር የሚቆጠረው በሌላ ነው። እኔም ከልጆቹ ጋር ትምህርቱን ሁልጊዜ ከዚህች የአተር ቢራቢሮ እጀምራለሁ፤ ምክንያቱም በእጃቸው ያለች ስለሆነችና መልክ ብቻውን እንደማይበቃ ከእርሷ የበለጠ የሚያሳይ ስለሌለ።

ታዲያ ጭራውና ነጥቡ ምን ይሠራል?

ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። ባለፈው ጥቅምት ከጓሮዬ አጥር ሥር በበቀለው ባቄላ ላይ አንዷ አርፋ ነበር። ጉልበቴ ላይ ተቀምጬ እስትንፋሴን ይዤ አየኋት። ክንፎቿን ከደነች፤ ከዚያ ሁለቱን የኋላ ክንፎች አንዱን ወደ ላይ አንዱን ወደ ታች እያፈራረቀች ማሸት ጀመረች። ክንፎቹ በተንሸራተቱ ቁጥር ጭራዎቹ እንደ አንቴና ተወዛወዙ፤ ከሥራቸው ያሉት ጥቁር ነጥቦች ዓይን መሰሉ። እውነተኛ ጭንቅላቷ ወደ ታች፣ የአበባው ጥላ ውስጥ ነበር። ከአንድ ክንድ ርቀት ሆኜ እንኳ ዓይኔ የሚሄደው ወደ ሐሰተኛው ጭንቅላት ነበር።

በዚያው ሳምንት ሌላ አየሁ። የሁለቱም የኋላ ክንፎቿ ጫፍ፣ ጭራውም ነጥቡም፣ የለም። የተቆረጠው ቦታ በግራና በቀኝ ልክ አንድ ዓይነት ነው፤ ክንፎቿን ከድና ተቀምጣ ሳለ ወፍ ወይም እንሽላሊት በአንድ ንክሻ ሁለቱንም ወስዷል ማለት ነው። እርሷ ግን ትበራለች፣ አበባ ትቀስማለች። ክንፏ ተቀደደ፤ ነፍሷ ተረፈ።

ይህ ሐሳብ በጥናትም ተፈትኗል። አሜሪካዊው ሮበርት ሮቢንስ በ1981 ባሳተመው ሥራ የሐሰተኛ ጭንቅላት ምልክቶች በበዙባቸው ዝርያዎች ላይ የኋላ ክንፍ ጉዳት አብሮ እንደሚበዛ አሳይቷል፤ ጠላት የሚነክሰው እዚያ ነውና። በ2013 ደግሞ በፍሎሪዳ ዘላይ ሸረሪቶችን ከአንዲት የአሜሪካ ባለ ክር ቢራቢሮ ጋር በማገናኘት በተደረገ ሙከራ ሸረሪቶቹ ደጋግመው የዘለሉት ወደ ሐሰተኛው ጭንቅላት ነበር፤ ቢራቢሮዋም ደጋግማ አመለጠች።

ለምደባው ያለው ትርጉም ይህ ነው፦ ጭንቅላት የሚመስል ጭራ ሕይወት የሚያተርፍ ከሆነ፣ ዘመድ ያልሆኑ ቢራቢሮዎችም በየራሳቸው መንገድ ወደ እርሱ ሊደርሱ ይችላሉ። አንድ ጠቃሚ ነገር በተለያየ ሐረግ ደጋግሞ መገኘቱ በዝግመተ ለውጥ የተለመደ ነው። ስለዚህ ጠቃሚነቱ በጨመረ ቁጥር ለዘር ቆጠራ ያለው ምስክርነት ይቀንሳል።

ምደባው ከየት ጀመረ?

ሊኒየስ በ1758 ቢራቢሮዎችን በሙሉ ፓፒሊዮ በሚል አንድ ወገን ሥር ነው ያስገባቸው፤ ወገን የምለው የተቀራረቡ ዝርያዎች የሚሰበሰቡበትን እርከን ነው። ከእነርሱ ውስጥ አራት የአውሮፓ ባለ ክር ቢራቢሮዎች ነበሩ። ተማሪው ፋብሪሺየስ በ1807 ቴክላ የሚል ወገን አወጣላቸው። እንግሊዛዊው ዊልያም ሊች በ1815 ሊኬኒዴ የሚለውን የቤተሰብ ስም ሰጠ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ጭራ ያለው ትንሽ ቢራቢሮ ከየትም ይምጣ ከየት ቴክላ ውስጥ ይጣል ነበር፤ ወገኑም የማይገናኙ ፍጥረታት የተከማቹበት ጎተራ ሆነ።

ጎተራውን በሥርዓት የፈተሸው ጆን ኔቪል ኤሊየት ነው። ኤሊየት የእንግሊዝ ጦር መኮንን የነበረ ሰው ነው። በ1973 ባሳተመው ሥራ የመላውን ዓለም ሊኬኒዴ በክንፍ ደም ሥር፣ በአንቴና፣ በእግር፣ በዓይን ላይ ባለ ጠጉርና በመራቢያ አካል እየመረመረ በስምንት ንዑስ ቤተሰብ ከፈለው፤ ቴክሊኔን ደግሞ ከአሥር በሚበልጡ ነገዶች፤ ነገድ ከንዑስ ቤተሰብ በታች፣ ከወገን በላይ ያለው እርከን ነው። እኔ በጣም የማከብረው ነገር ቢኖር ሥራውን «ጊዜያዊ አደረጃጀት» ብሎ ማቅረቡ ነው። ዕድሜ ልኩን ሲያገላብጥ የኖረውን ነገር ጊዜያዊ ብሎ ለሚመጣው ትውልድ በሩን ክፍት ተወለት። ከሃምሳ ዓመት በኋላም የነገዶቹ ስሞች አብዛኞቹ በሥራ ላይ ናቸው።

ዲኤንኤ ሲመጣ ምን ተለወጠ?

ብዙ ነገር ጸና፤ አንድ ትልቅ ነገር ፈረሰ።

የጸናው፦ ሊኬኒዴ በእርግጥ አንድ ቤተሰብ ነው፤ የቅርብ እህቱም ሪዮዲኒዴ የሚባለው፣ በብዛት በደቡብና በመካከለኛው አሜሪካ የሚኖረው ቤተሰብ ነው። ከኤሊየት ነገዶችም ብዙዎቹ እውነተኛ የዘር ስብስቦች ሆነው ተገኝተዋል።

የፈረሰው ቴክሊኔ ራሱ ነው። የዘረ መል ንጽጽር ሲደረግ «ሰማያዊዎቹ»፣ ማለትም ፖሊዮማቲኔ፣ ከቴክሊኔ ጎን የቆሙ ሌላ ንዑስ ቤተሰብ ሳይሆኑ ከቴክሊኔ ውስጥ የበቀሉ ቅርንጫፍ ሆነው ወጡ። ምሳሌ ልስጥ። አንድ አያት አምስት ልጆች ቢኖሩትና አንደኛው ልጅ ወደ ሌላ አገር ሄዶ ብዙ ዘር ቢያፈራ፣ የአራቱን ልጆች ዘር ብቻ ጽፈን «የአያታችን ቤተሰብ ይህ ነው» ብንል ትክክል አይሆንም፤ የሄደውም የእርሱ ልጅ ነው። ቴክሊኔ የሚለው ስም እስከ ዛሬ የአራቱን ልጆች መዝገብ ነው የሚመስለው። በዘመናዊ ምደባ አንድ ስም ሊሰጥ የሚገባው ለአንድ አያትና ለዘሩ ሁሉ ነው። ስለዚህ ወይ ሰማያዊዎቹን ጨምሮ ስሙን ማስፋት፣ ወይ ነገዶቹን እየለያዩ ለየራሳቸው ከፍ ያለ ማዕረግ መስጠት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው መንገድ ለአንድ ቡድን በተግባር ውሏል። አፍኔኢኒ የሚባለው ነገድ በብዛት አፍሪካዊ ነው፤ ከ250 በላይ ዝርያዎች አሉት፤ ብዙዎቹ ከክንፋቸው ሥር ብር መሰል ነጥቦችና መስመሮች አሏቸው። ኤሊየት ከቴክሊኔ ጋር ነበር ያስቀመጠው። ዛሬ አፍኔኢኔ ተብሎ ራሱን የቻለ ንዑስ ቤተሰብ ሆኗል፤ በ2015 የታተመ የዘር ሐረግ ጥናትም ከአፍሪካ ተነስቶ ወደ እስያ የተሻገረ መሆኑን ደግፏል።

እንግዲህ የአተሯን ቢራቢሮ እናስታውስ። ባለ ክር አይደለችም ብዬ ነበር፤ አሁንም የነገድ ስሟ ሌላ ነው። ነገር ግን ሐረጉን ወደ ላይ ስንቆጥር ከባለ ክሮቹ አያት ትደርሳለች። ልጁ ፎቶግራፉን ይዞ ሲመጣ የገመተው ዝምድና አለ፤ የገመተበት ማስረጃ፣ ጭራው፣ ግን ምስክር መሆን አይችልም።

ዕድሜያቸው ስንት ነው?

የቢራቢሮ ቅሪተ አካል እጅግ ጥቂት ነው፤ ለስላሳ ክንፍ ድንጋይ ውስጥ ለመቆየት ዕድሉ አነስተኛ ነው። ስለዚህ ዕድሜ የሚሰላው በዘረ መል ልዩነትና ባሉት ጥቂት ቅሪቶች አንድ ላይ ነው። በ2023 የታተመ፣ ወደ 2,300 የሚጠጉ ዝርያዎችንና 391 ዘረ መሎችን ያነጻጸረ ዓለም አቀፍ ጥናት የመጀመሪያዎቹ ቢራቢሮዎች ከ100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በአሜሪካ አህጉር ከእሳት እራቶች እንደወጡ፣ አባጨጓሬዎቻቸውም የአተርና የግራር ቤተሰብ ተክሎችን ይበሉ እንደነበር ገምቷል። ሊኬኒዴ ከእህቱ ከሪዮዲኒዴ የተለየው ዳይኖሰሮች ከመጥፋታቸው፣ ማለትም ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው።

በአዲስ አበባ ዙሪያና በአገራችን የሚኖሩት ከየትኛው ነገድ ናቸው? የትስ ላገኛቸው?

አስቀድሜ የሌሉትን ልናገር። በአውሮፓና በእስያ «እውነተኛ» የሚባሉት የቴክላ ወገን ቢራቢሮዎች እኛ ዘንድ የሉም። በአሜሪካ ብቻ ከ1,000 በላይ ዝርያዎች ያሉት ዩሜይኒ የተባለው ነገድም ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ የለም። የእኛዎቹ ሌሎች ነገዶች ናቸው፤ እነርሱን ለማግኘት ደግሞ ቢራቢሮ ከማሳደድ ይልቅ ተክል ማወቅ ይሻላል።

ቀና በሉና ተቀጽላን ፈልጉ። በግራርና በሌሎች ዛፎች ቅርንጫፍ ላይ በቅሎ ከዛፉ የተለየ ቅጠልና ቀይ ወይም ብርቱካናማ አበባ የሚያወጣው እርሱ ነው። ኢዮላውስ የተባለው የአፍሪካ ወገን ከ100 በላይ ዝርያዎች አሉት፤ አባጨጓሬዎቹ በአብዛኛው ከተቀጽላ ሌላ አይበሉም። ቢራቢሮዎቹ ክንፋቸውን ሲዘረጉ የሚያበራ ሰማያዊ፣ ሲከድኑ ነጭ ወይም ግራጫ ሆነው ቀጭን መስመርና ረጃጅም ጭራ ያሳያሉ። ባለ ክር የሚለው ስም ከሁሉ በላይ የሚያምርባቸው እነዚህ ናቸው። ከአቃቂ ወደ ዱከም ስንወርድ ከመንገድ ዳር ግራር ላይ በተንጠለጠለ ተቀጽላ ላይ አንድ ጊዜ አባጨጓሬ አግኝቻለሁ። አገኘሁ ከማለት ይልቅ እጄ ነካው ብል ይሻላል። ቅጠሉን ይዤ ሳገላብጥ ከመካከሉ ወፈር ያለው ክፍል ለስለስ አለኝ፤ ያው ቅጠል አረንጓዴ፣ ያው ጠፍጣፋ፣ ጠርዙ ሳይቀር በቅጠሉ ልክ የተቀረጸ ፍጥረት ነበር። አጠገቡ የቅጠሉ አረንጓዴ ተፍቆ ስስ ገለፈት ብቻ ቀርቷል፤ የበላው እርሱ ነው።

ከዋርካና ከሾላ ወገን ዛፎች ላይ ደግሞ ሚሪና ትኖራለች። ሚሪና ሳይሌነስ ወፍራም ጠመዝማዛ ጭራ፣ የሚያበራ ሰማያዊና የቡናማ ቀለም ያላት ናት፤ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በሰፊው ትገኛለች። ኤሊየት ከእስያዋ ኢራኦታ ጋር በአንድ ነገድ ነው ያስቀመጣት፤ የኢራኦታም አባጨጓሬ የሚበላው የዚያኑ የሾላ ወገን ቅጠል ነው። በሁለት አህጉር የተለያዩ ዘመዶች አንድ ዓይነት ማዕድ ይዘው መቆየታቸው ከጭራ ይልቅ ጠንካራ ምልክት ነው። አባጨጓሬ የሚበላውን ተክል መለወጥ ቀላል አይሆንለትም፤ እያንዳንዱ ተክል የራሱ መርዝ አለውና።

ዴውዶሪክስ የተባለው ወገን ፍሬ በሳ ነው። አባጨጓሬው ፍሬ ውስጥ ገብቶ ዘሩን እየበላ ያድጋል። ዴውዶሪክስ አንታለስ በአፍሪካ በሰፊው ይገኛል፤ የዘመዱ የዴውዶሪክስ ሊቪያ አባጨጓሬ ሮማን ስለሚበሳ በመካከለኛው ምሥራቅ አትክልተኞች በደንብ ያውቁታል። ሂፖሊኬና ፊሊፐስ የተባለችው ግራጫ ባለ ሁለት ጭራ ቢራቢሮ ደግሞ እንቁላሏን ከምትጥልባቸው ተክሎች አንዱ የእንኮይ ወገን ነው።

ቦታውን በተመለከተ፦ የጉለሌ እጽዋት ማዕከል፣ የእንጦጦና የየካ ተራራ፣ በስተ ምዕራብ ወጨጫ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን ጥሩ ናቸው፤ በተለይ ከባሕር ዛፉ ይልቅ ጥድ፣ ወይራና ኮሶ የቀሩበትን ጠርዝ ምረጡ። የብዙ ባለ ክር ዝርያዎች ወንዶች እኩለ ቀን ላይ ኮረብታ አናት ላይ ባለ ዛፍ ጫፍ ሰፍረው የሚያልፈውን ሁሉ ያባርራሉ፤ ሴቶቹ የሚመጡት ወደዚያ ነው። ስለዚህ ከሜዳው ይልቅ ጉብታው ላይ ቆማችሁ ዛፉን ቀና ብላችሁ እዩ። ወደ ቆላው ጠጋ ባላችሁ ቁጥር የዝርያው ቁጥር ይጨምራል፤ ደጋው ለእነርሱ ብርድ ነው።

አባጨጓሬው ላይ ጉንዳኖች ተሰብስበው አየሁ። እየበሉት ነው?

ላይሆን ይችላል። የሕይወት ታሪካቸው ከታወቀ የሊኬኒዴ ዝርያዎች ውስጥ ሦስት አራተኛ የሚሆኑት በአባጨጓሬነታቸው ከጉንዳን ጋር ይኖራሉ። ይህንን ለረጅም ዘመን ያጠናችው የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲዋ ናኦሚ ፒርስ ናት።

አባጨጓሬው ጀርባው ላይ፣ ወደ ኋላ በኩል፣ ጣፋጭ ፈሳሽ የሚያወጣ እጢ አለው። ጉንዳኖቹ በአንቴናቸው ሲነካኩት አንድ ጠብታ ብቅ ይላል፤ ይጠጡታል። ክሽክሽ ከሚባለው የሰብል ተባይ ጋር ጉንዳን የሚያደርገውን ያየ ገበሬ ይህንን ወዲያው ያውቀዋል። ከእጢው አጠገብ ብዙዎቹ ሁለት ትናንሽ ብቅ ጥልቅ የሚሉ ቱቦዎች አሏቸው፤ ጉንዳኖቹን ንቁ ያደርጋሉ። አንዳንዶቹ አካላቸውን እያንቀጠቀጡ በቅርንጫፉ ውስጥ የሚተላለፍ ድምፅ ሁሉ ያሰማሉ። በምላሹ ጉንዳኖቹ ጥገኛ ተርቦችንና ሌሎች ጠላቶችን ያርቁለታል።

ይህ ዝምድና የቆየ ነው። በዶሚኒካን ሪፐብሊክ በተገኘ፣ ከ15 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ባለው የዛፍ ሙጫ ውስጥ የሪዮዲኒዴ ቤተሰብ አባጨጓሬ ለጉንዳን አገልግሎት የሚውሉ አካላቱን እንደያዘ ተገኝቷል። አፍኔኢኔ ውስጥ ደግሞ ነገሩ ሩቅ ሄዷል፤ አንዳንድ ዝርያዎች ጉንዳን ጎጆ ውስጥ ገብተው ቅጠል መብላቱን ትተዋል፤ ጉንዳኖቹ አፍ ለአፍ ይመግቧቸዋል፣ ወይም የጉንዳኖቹን ልጆች ይበላሉ። አንድ ቤተሰብ ውስጥ ከቅጠል በላነት እስከ ሥጋ በላነት ያለውን መንገድ በሙሉ ማየት መቻል ለዝግመተ ለውጥ ተማሪ ትልቅ ሀብት ነው።

ለፈላጊም ይጠቅማል፦ የጉንዳኑን መስመር ተከተሉ፤ ተሰብስቦ ከቆመበት ቦታ ቀንድ አውጣ የሚመስል ጠፍጣፋ ነገር ካለ አገኛችሁት።

እንጦጦ ላይ የሚታየው ብርቱካናማ ትንሽ ቢራቢሮስ?

የፊት ክንፉ እንደ መዳብ የሚያበራ ብርቱካናማ ሆኖ ጥቁር ነጥብ ካለበት ሊኬና ፍሌያስ ይሆናል። ባለ ክር ሳይሆን በዚያው ቤተሰብ «መዳቦች» ከሚባለው ንዑስ ቤተሰብ ነው። የመቅመቆና የእምቧጮ ወገን ተክሎችን ይበላል። የማነሳው ለአንድ ምክንያት ነው፤ ይህ ዝርያ በአውሮፓ፣ በሰሜን እስያና በሰሜን አሜሪካ የተለመደ ሲሆን በእኛ ደጋ ደግሞ የራሱ ንዑስ ዝርያ አለው። በመካከሉ ሊሻገረው የማይችል ሞቃት በረሃ አለ። የምድር አየር ቀዝቃዛ በነበረባቸው ዘመናት ቀዝቃዛው አገር ሰፋ ብሎ መተላለፊያ ሲሰጥ እንደደረሰ፣ ሙቀቱ ሲመለስም ተራራው ላይ ተነጥሎ እንደቀረ መገመት ምክንያታዊ ነው። ተራሮቻችን ለቢራቢሮ ደሴቶች ናቸው፤ የሚነጠል ሕዝብ ደግሞ መለየት ይጀምራል።

እጄ ላይ የቀረው ብናኝ ምንድን ነው?

ቅርፊት ነው። የክንፉ ቀለም በሙሉ በእነዚህ ቅርፊቶች ላይ ነው ያለው። የሚያበራው ሰማያዊ ግን ማቅለሚያ አይደለም፤ በቅርፊቱ ውስጥ ያለው እጅግ ረቂቅ አሠራር ብርሃኑን ሰብሮ ሰማያዊውን ብቻ የሚመልስ በመሆኑ ነው። ለዚህ ነው አንግሉ ሲለወጥ ቀለሙ የሚጠፋው።

ልጄ ዝርያ መለየት መማር ትፈልጋለች። ከየት ትጀምር?

ከፎቶግራፍ። ግን አንድ አይበቃም። ክንፉ ተከድኖ ከጎን፣ ክንፉ ተዘርግቶ ከላይ፣ ሦስተኛ ደግሞ ያረፈበት ተክል ቅጠሉና አበባው በደንብ እንዲታይ ሆኖ። አብዛኛው ሰው የላይኛውን ሰማያዊ ያነሳና ደስ ብሎት ይሄዳል፤ ለዪዎች የሚፈልጉት ግን የሥረኛውን መስመር ነው። ቀኑንና ቦታውን፣ ከተቻለ ከባሕር ጠለል በላይ ያለውን ከፍታ በደብተር ትጻፍ። ስልክ ይጠፋል፤ ደብተር ይቆያል።

ፊቷን ቀረብ አድርጋ ለማየት አጉሊ መነጽር ብትይዝ የቤተሰቡን ምልክት ታያለች፦ የሊኬኒዴ ዓይን ከአንቴናው ሥር ትንሽ ገባ ያለ ነው፣ አንቴናው ራሱ ነጭና ጥቁር ቀለበት ተጠልቆበታል። ከዚያ በላይ ነገድ ለመለየት የመራቢያ አካልና የዘረ መል ምርመራ የሚጠይቅ ጊዜ ይመጣል። ዛሬ ለዝርያ መለያ ተብሎ የሚነበበው ከአንድ ዘረ መል የተወሰደ 650 ፊደል ያህል ርዝመት ያለው ቁራጭ ነው፤ ከአንዲት የቢራቢሮ እግር ይገኛል።

በአገራችን ላይ ከተሠሩት ውስጥ ፈረንሳዊው ሄንሪ ኡንገማህ በ1932 ያሳተመው ስለ ኢትዮጵያ ቢራቢሮዎች የሚያወሳ ጥናት ቀደምት መሠረት ነው። በእኛ ቋንቋ፣ በእኛ ልጆች እጅ የሚጻፈው ግን ገና ይቀረናል፤ ይህንን ስል በቁጭት ነው። አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በአንድ ተቀጽላ ላይ ዓመቱን ሙሉ የምትጽፈው ማስታወሻ ማንም ያልጻፈው ሊሆን ይችላል።

ዛፌ ላይ ተቀጽላ በቅሏል። ልቁረጠው?

ባለፈው ዓመት አንዲት አረጋዊት ጎረቤቴ ይህንኑ ጠይቀውኛል። ተቀጽላ የዛፉን ውኃ ስለሚጠጣ በብዛት ሲወረው ዛፉን ያደክማል፤ ሥጋታቸው እውነት ነው። ነገር ግን የኢዮላውስ ዘር በሙሉ የተንጠለጠለው በዚያ ቅጠል ላይ ነው፤ ተቀጽላው ሲጠፋ ሌላ ሄዶ የሚበላው የለውም። ስለዚህ ሁሉንም እንዳያስቆርጡት፣ ዛፉ ከቻለ አንድ ሁለቱን ቁጥቋጦ እንዲተዉ ለመንኳቸው። ከተቆረጠውም ቅጠሉን አንድ በአንድ ሳያገላብጡ እሳት ውስጥ እንዳይጨምሩት። ሦስቱን ቅርንጫፍ ከልጅ ልጃቸው ጋር ደጃፍ ላይ ተቀምጠን አገላበጥን፤ ከሁለተኛው ላይ አረንጓዴ፣ ጠፍጣፋ፣ የጣት ጥፍር የሚያህል ነገር ተገኘ። ቅጠሉን ከነእርሱ ዛፉ ላይ ከቀረው ተቀጽላ ጋር በክር አሰርነው።